ከካባው በታች ያለችው ነብር

ነብር መሆኑን መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ዝም ብል ኖሮ ያ ሁሉ ነገር ይመጣ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ።

ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ሴት ነበርኩ፤ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ አቃቂ ከተመደብኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ክሊኒካችን አንዲት ክፍል ናት፤ ውስጧ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የመድኃኒት ቁም ሣጥንና በመብራት መጥፋት ምክንያት ከሚሠራበት የማይሠራበት ጊዜ የሚበልጥ ማቀዝቀዣ አለ። ያለኝ የምስክር ወረቀት ነው፤ ገበሬዎቹ ግን «ዶክተር» ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ አርማቸው ነበር፤ በኋላ ደስ እያለኝ ተውኩት።

የማገለግላቸው መንደሮች ከፋብሪካዎቹ ጀርባ፣ የባቡር ሐዲዱን ተሻግሮ ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ መንደር ወንዙ የቦረቦረው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከገደሉ ራስ የድንጋይ ካባ ተከፍቷል። በሳምንት ሁለት ቀን ድማሚት ይፈነዳል፤ የገልባጭ መኪኖች ሰልፍ ከጠዋት እስከ ማታ አቧራ ያስነሳል።

በጥቅምት አንድ ጠዋት ከዚያ መንደር ሁለት በግ ሞተ ተብዬ ተጠራሁ። በጎቹ የአንድ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው እርሻውን ይይዛሉ፤ ልጃቸው የብረታ ብረት ፋብሪካ ፈረቃ ሠራተኛ ስለሆነ ከብቱንና በጉን የምታስተዳድረው ምራታቸው ናት። ከእኔ በሁለት በሦስት ዓመት ብትበልጥ ነው።

አንዱ በግ ጉሮሮው ላይ አራት የጥርስ ቀዳዳ አገኘሁ። ሌላው በግ ግን መሬት ላይ አልነበረም። ከገደሉ አፍ ካለው ሾላ ዛፍ ላይ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ ቅርንጫፍ መሐል ተንጠልጥሏል።

«ጅብ ነው» አለ ከጎረቤቶቹ አንዱ።

«ጅብ አይደለም» አልኩ። «ጅብ ከኋላ ነው የሚጀምረው፤ አጥንትም አይተውም። ይሄ አንቆ ነው የገደለው። ዛፍ ላይ የሚሰቅል ነብር ነው።»

ትምህርት ቤት የተማርኩትን በተግባር ሳየው ኮራ ብዬ ነበር። ሽማግሌው ግን ዛፉን እያዩ «ቄራንሳ» አሉ በቀስታ፤ ነብርን በኦሮምኛ የሚጠሩበት ስም ነው። «በአባቴ ጊዜ ነበር። እኔ በዓይኔ ካየሁ አርባ ዓመት አልፎኛል። አልቋል ብዬ ነበር።»

«ሊያልቅ ነው አባባ። ጥቂት ነው የቀረው። መግደልም በሕግ ክልክል ነው» አልኩ።

ምራታቸው እስከዚያ ድረስ የሞተውን በግ ታይ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። «ለእሱ ሕግ ወጥቶለታል» አለች። «ለእኔ በግስ?»

በጎቹን ማታ ማታ ደህና አድርጋችሁ ዝጉ ብዬ ተመለስኩ። የሚዘጋ ነገር እንዳላቸው እንኳ ዞር ብዬ አላየሁም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ያቺው ምራት ክሊኒክ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል። የላሟ ጡትና ጆሮ መዥገር እንደወረረው ነገረችኝና የመዥገር መድኃኒት ጠየቀችኝ። መድኃኒቱ መርዝ ነው። በውሃ ሳይበጠበጥ ከክሊኒክ አይወጣም፤ የሚረጨውም በእኛ እጅ ነው፤ ደንቡ ግልጽ ነው። እኔ ግን በዚያን ቀን ለዲፕሎማ ትምህርት የምወዳደርበትን ፎርም መሐል ከተማ ማድረስ ነበረብኝ። ቢሮው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ሚኒባስ ደግሞ ወረፋ ነው። ሰዓቴን አየሁ። አንድ ጠርሙስ እንዳለ አውጥቼ ሰጠኋት።

«አንድ ቆርኪ ለአንድ ባልዲ ውሃ ነው። እጅሽን በፌስታል ሸፍኚ» አልኳት።

«እሺ» አለች። ፎርሜን ይዤ ሮጥኩ፤ ደረስኩም።

ሰኞ ሰባት ሰዓት ገደማ የክሊኒኩ በር ላይ ጋሪ ቆመ። ምራቲቱ ናት። ጋሪው ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር አለ፤ ሲገለጥ የቤታቸው ውሻ ነው፤ መንደሩ በሄድኩ ቁጥር ከሩቅ የሚቀበለኝ ቡናማ ውሻ። ለሃጩ እንደ ገመድ ይወርዳል። እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ዓይኑን ከፍቼ አየሁ፤ ብሌኑ ጠብቦ የመርፌ ጫፍ አክሏል። አፉን ሳሸተው ሽታውን አወቅኩት። ከገዛ ቁም ሣጥኔ በየቀኑ የማሸተው ሽታ ነው።

«ምን በላ?» አልኳት።

ጆንያውን መልሳ አለበሰችው።

«ምን እንደበላ ካልነገርሽኝ አላድነውም።»

«ጊደሬን» አለች። ከዚያ በኋላ ቃሉ ተከታትሎ ወጣ። ነብሩ ሐሙስ ዕለት በጠራራ ፀሐይ ጊደሯን ገደሉ ጥግ ላይ ጥሎባታል። ስታገባ አባቷ የሰጣት ጊደር ናት፤ በመጋቢት ትወልዳለች ተብላ የምትጠበቅ። የላሟ መዥገር ውሸት ነበር። ቅዳሜ ጠርሙሱን ይዛ ወረደችና የጊደሯን ሥጋ በቢላ እየሰነጠቀች ግማሹን አፈሰሰችበት። ነብሩ ሁለት ቀን አልመጣም። ውሻው ቀደመ።

የመርዙን ማርከሻ፣ የነበረኝን አትሮፒን፣ ወጋሁት። ሁለት ብልቃጥ ብቻ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውሻው ክሊኒኩ ወለል ላይ ሞተ። ምራቲቱ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብላ እስከ መጨረሻው አየችው። እንደዚህ ዓይነት ሞት ያሰበች አይመስለኝም። እኔም እጄ ላይ የቀረውን መርፌ ይዤ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጠርሙሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

«የት ነው ያለችው ጊደሯ?» አልኳት።

«ከምንጩ በላይ።»

«ከብት የሚጠጣበት ምንጭ?»

ራሷን ነቀነቀች። ያኔ ነው እሷም የገባት። ፊቷ ላይ አየሁት።

ጋሪው ላይ ወጣን። ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። በየመንገዱ ሰማይ ሰማዩን አያለሁ፤ ጥንብ አንሳዎች ገደሉ ላይ መዞር ጀምረዋል። እነሱ ከወረዱ እነሱም ያልቃሉ። የመንደሩ ከብት ደግሞ ከግጦሽ ወደ ምንጩ የሚነዳው አሥር ሰዓት ላይ ነው።

ሽማግሌውን ጤፍ ሲያጭዱ አገኘናቸው። ነገሩን የነገረቻቸው እሷ ናት፤ እኔ ልጀምር ስል እጄን ያዘችኝ። ቆመው ሰሟት። ማጭዱን ክምሩ ላይ አኖሩና «ባልሽ ያውቃል?» አሉ።

«አያውቅም፣ አባባ።»

«እኔስ እዚሁ አልነበርኩም? ጆሮዬ ተዘግቷል?» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ እንደዚያ ሆኖ ግን ከጩኸት ይከብድ ነበር። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? ለመዥገር ነው የሰጠሽው?»

«ደንቡን ጥሼ ነው የሰጠኋት። ጥፋቱ የኔም ነው» አልኩ።

«የጥፋት ክፍፍሉ ይቆየን» አሉ። ገመድና ሸራ ይዘው ከፊት ከፊት ወረዱ። አንድ ጎረቤት ልከው ከብቶቹ ከላይ እንዲታገዱ አስደረጉ።

ጊደሯ የወደቀችው ከምንጩ ሃያ እርምጃ ያህል ከፍ ብሎ ባለ ደረጃ ላይ ነው። ከአንድ ሌላ ሾላ ሥር። ሽታው ከሩቅ ይጠራል። አምስት ጥንብ አንሳ ድንጋዩ ላይ ሰፍረው ይጠብቃሉ፤ ምራቲቱ ጠጠር እየወረወረች ከለከለቻቸው። ሦስታችንም እጃችን ላይ ፌስታል አሰርን። ሬሳዋን ሸራው ላይ አንከባለልናት፤ ገመዱን አራቱም ጫፍ ላይ አሰርን፤ መጎተት ጀመርን። ገደሉን ወደ ላይ፣ ወደ ካባው። መቅበር ያለብን ከውሃው የራቀ ቦታ ነው፤ የካባው የተተወ ጉድጓድ ደግሞ ደረቅ ነው።

አሥር እርምጃ ያህል ጎትተን ትንፋሽ ልንወስድ ስንቆም ምራቲቱ «አትንቀሳቀሱ» አለች።

ከእኛ በታች፣ ከሾላው ጀርባ ባለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ነብሯ ተኝታ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደነበረች አላውቅም። እንደ ድንጋዩ ሆና ነው ያየኋት፤ መጀመሪያ ጆሮዋ፣ ቀጥሎ ዓይኖቿ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሙሉ አካሏ የተለየልኝ። በመካከላችን የአንድ ቤት ርዝመት ያህል ብቻ አለ። ጅራቷ ጫፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«አትሩጪ» አሉኝ ሽማግሌው ከንፈራቸውን ብዙ ሳያንቀሳቅሱ። «ጀርባሽን አትስጫት። አትቀመጪ። ገመዱን እንዳትለቂ።»

ተነሣች። ከሆዷ በታች ጡቶቿ ተንጠልጥለው አየኋቸው። ምራቲቱም አይታለች፤ «አራስ ናት» አለች።

የተቆጣ ሰው ሁሉ አራስ ነብር ሲባል ስሰማ ነው ያደግኩት። በዚያ ሰዓት ቃሉ ትርጉም አገኘ። ነብሯ ከጉሮሮዋ እንጨት በመጋዝ ሲቆረጥ የሚመስል ድምፅ አወጣች፤ ከድንጋዩ ወርዳ አንድ እርምጃ ተጠጋችን። ልትበላ የመጣችበትን ምግብ እየወሰድንባት ነው። ከጉድጓዷ ደግሞ የሚጠብቋት አሉ። ያንን ሥጋ በልታ ብትመለስ ምን እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ፤ ውሻውን አይቻለሁ። እሷ አታውቅም።

«ጎትቱ» አሉ ሽማግሌው። «ቀስ ብላችሁ። እሷን እያያችሁ።»

ወደ ኋላ እየተራመድን ጎተትን። እሷም ተከተለችን። እኛ ስንቆም ትቆማለች። አንዴ እግሬ ድንጋይ መታና በጉልበቴ ወደቅኩ፤ ምራቲቱ ብብቴ ሥር ገብታ አነሣችኝ። ሽማግሌው ዱላቸውን ወደ ላይ አንሥተው በኦሮምኛ ያናግሯት ጀመር። ቁጣ አልነበረበትም፤ ጎረቤትን እንደሚለምኑ ዓይነት ነው። ምን እንዳሉ በኋላ ጠይቄአቸው «ይሄ ላንቺ አይሆንም ነው ያልኳት» አሉኝ።

የካባው አፋፍ ላይ ስንደርስ አፈር የሚገፋ የአንድ ዶዘር ሞተር ድምፅ ተሰማ። ነብሯ ቆመች። ጆሮዋን ወደ ኋላ አጠፈች፤ አንድ ጊዜ ዞራ አየችንና በቁጥቋጦው መሐል ጠፋች። ምራቲቱ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

የዶዘሩ ሾፌር ሥራ ጨርሶ ሊወርድ ነበር። ሁኔታችንን ሲያይ ብዙ አልጠየቀም። ሬሳዋን ጉድጓድ ውስጥ ጣልናት፤ በላይዋ ድንጋይና አፈር በሁለት ግፊያ መለሰባት። ግማሽ የቀረውን ጠርሙስ ምራቲቱ ከቤት አምጥታ መለሰችልኝ። ምንጩ ላይ ሁለት ቀን ከብት እንዳይጠጣ ተደረገ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የታመመ አልነበረም።

ሽማግሌው እስከ ሐዲዱ ድረስ ሸኙኝ። ሊለዩኝ ሲሉ «ልጄ፣ የምራቴን ስም አትጻፊ» አሉኝ። «ያስሯታል።»

ለሁለት ቀን ምንም አልጻፍኩም። በሦስተኛው ቀን የራሴን ጻፍኩ፤ ያልተበጠበጠ መድኃኒት ከደንብ ውጭ መስጠቴን፣ ውሻ መሞቱን፣ የተመረዘ ሬሳ መቀበሩን፣ በገደሉ ውስጥ ግልገል ያላት ነብር መኖሯን። የሴትየዋን ስም አልጠቀስኩም። አለቃዬ አንብቦ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

«የሞተ ነብር የለም። በመርዝ የሞተ ከብት የለም። ውሻ ነው የሞተው። ለምን ራስሽን ትከሻለሽ?»

«ነገ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ያደርጋታል። የዱር እንስሳት ባለሙያ ይምጣልን» አልኩት።

«እንደፈለግሽ» አለ። ወረቀቱን ላከው፤ ከእሱ ጋር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። የዲፕሎማ ውድድሩ ከመሥሪያ ቤት ንጹሕ የሥነ ምግባር ደብዳቤ ይጠይቅ ነበር። በዚያ ዓመት አልሄድኩም። አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው።

ባለሙያው በወሩ መጣ። ጡረታ ሊወጣ የደረሰ፣ ዝምተኛ፣ ሜትር በኪሱ የሚይዝ ሰው ነው። መንደሩ ሁሉ ሊያስር እንደመጣ ነው የገመተው። ሽማግሌው ግቢ ስንገባ ጎረቤቶቹ አጥሩ ጋ ተሰብስበዋል። ምራቲቱ ከቤት ወጥታ ፊቱ ቆመች። «እኔ ነኝ» አለችው። «መርዙን ያደረግኩት እኔ ነኝ። እነሱ አያውቁም።»

ሰውየው አያት። ባሏ ወደ ጎኗ ተጠጋ።

«በጎቹ የት ነው የሚያድሩት?» አላት።

«እ?»

«በጎቹ። ማታ።»

አሳየችው። ወገብ የማይደርስ የግንድ አጥር ነው፤ ላዩ ክፍት። ባለሙያው ኮቱን ለሽማግሌው ሰጥቶ አጥሩን በአንድ እግሩ ተሻገረ። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከገባሁ እሷ ምን ይቸግራታል?» አለ። ከዚያ እየዞረ በሜትር መለካት ጀመረ። ድንጋይ ካብ፣ ከሰው ቁመት በላይ፤ ላዩ በአጣና ተረብርቦ በቀጋ እሾህ የሚሸፈን፤ በሩ ከላሜራ። ገደሉ ጥግ ብቻውን የሚግጥ ጥጃ እንዳይኖር። የሞተ ነገር ሜዳ ላይ እንዳይቀር። «ሚዳቋው ነው የሸሸባት» አለ፤ «ፍንዳታው አባሮባት። ግልገሎቿ እስኪጠነክሩ ሩቅ አትሄድም። ጥቂት ወር ቻሏት። መርዙን ግን ደግሜ ብሰማ የምመጣው ከፖሊስ ጋር ነው።» ይህንን ሲል እሷን አላያትም፤ እኔን ነው ያየው።

ድንጋይ ከካባው ተራፊ ነበር። ሾፌሮቹ ፈቀዱልን፤ ባልየው በዕረፍት ቀኑ በጋሪ አመላለሰ፤ ጎረቤቶቹ በደቦ ካቡ። አስራ ሁለት ቀን ፈጀ። ካቡ ባለቀ በአምስተኛው ጠዋት ገና ሳይነጋጋ ምራቲቱ ሰው ላከችብኝ። ሩጫ በሚመስል እርምጃ ደረስኩ። በረቱን ዙሪያውን ኮቴ ሞልቶታል፤ ትልልቁ የእናቲቱ ነው። የላሜራው በር ላይ ከላይ ወደ ታች አራት ጭረት አለ። ጣሪያው ላይ ወጥታ እሾሁን ሞክራዋለች፤ ፀጉር ቀርቷል። ምራቲቱ በሩን ከፈተች። በጎቹ አንድ ጥግ ላይ ተደራርበው ቆመዋል። እየነካች ቆጠረቻቸው። አሥራ አራት። አንድም አልጎደለም። ደግማ ቆጠረች። አሥራ አራት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። በሰኔ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ነብሯ የሌላ ጎረቤት ጥጃ ከግጦሽ ወሰደች። በዚያን ቀን ሽማግሌው ጭቃውን አቋርጠው በእግራቸው ክሊኒክ መጡ። ልብሳቸው በስብሷል።

«የጥጃው ባለቤት ውሾች ሰብስቧል» አሉኝ። «ጦርም ይዟል። ዛሬ ሊወርድ ነው። ነይ።»

ደርሰን ስናየው ጎረቤቱ ከአራት ሰዎችና ከስድስት ውሻ ጋር ገደሉ አፍ ላይ ነበር። ምራቲቱ ቀድማን መንገዱ ላይ ቆማለች። ዝናቡ ይወርዳል።

«ዞር በይ» ይላታል።

«አልዞርም።»

«ጊደርሽን በልታብሽ? አብደሻል?»

«ጊደሬን በልታለች» አለችው። «እኔ የበቀልኩት ግን በውሻዬ ላይ ነው። ምንጩን ልመርዝባችሁ ነበር፤ ያንተን ከብት ጨምሮ። እንዴት እንደሆነ አይቻለሁ። አሁን ብትወርድ ግልገሎቿ ጋ ነው የምትደርሰው፤ ከእናንተ አንዱ አይመለስም።»

«ታዲያ ዝም ብዬ ጥጃ ልገብርላት?»

ሽማግሌው ጣልቃ ገቡ። «ነገ ጠዋት ጋሪዬ ካንተ ግቢ ይቆማል። ድንጋዩን እኛ እናመላልሳለን። በረትህ እስኪያልቅ ጥጆችህ እኔ ጋ ይደሩ።»

ውሾቹ ገመዳቸውን እየጎተቱ ይጮኻሉ። እኔ የማየው የጦሩን ጫፍ ነው። በመጨረሻ ሰውየው ጦሩን ትከሻው ላይ አጋደመና «ጥጆቹ ሦስት ናቸው» አለ።

በዚያ ክረምት ሁለተኛው በረት ተሠራ፤ እስከ መስከረም አራት ደረሱ። ግልገሎቹን የካባው ዘበኛ ሁለት ጊዜ አይቷቸዋል፤ ሁለት ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ካባው ወደ ገደሉ ሰፋ። ነብሯ መታየቷ ቀረ። ሞታ የተገኘችበት የለም፤ የት እንደሄደችም የሚያውቅ የለም። እኔ ዲፕሎማዬን ከሁለት ዓመት በኋላ ተምሬ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ። ሽማግሌው ከዚያ ብዙ አልቆዩም፤ ለቅሶ ደርሻለሁ።

መሬቱ ለልማት ተወስዶ ቤተሰቡ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገባ። ምራቲቱ አሁንም ትደውልልኛለች። ባለፈው ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ መንደር ውስጥ በግ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ተገኘ መባሉን ነገረችኝ። ሰዎቹ በዘመድ በዘመድ አፈላልገው እሷ ጋ መጥተዋል።

«ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«መጀመሪያ ቤታቸው ውስጥ ያለውን መርዝ ሁሉ እንዲያስወጡ ነገርኳቸው» አለችኝ። «ከዚያ ካቡ ስንት ክንድ ከፍ እንደሚል ስነግራቸው ግራ ገባቸው። አብሬአቸው ሄጄ የመጀመሪያውን ተርታ ራሴ ካብኩላቸው።»